የማያቋርጥ እንባ፦ የእንባ መውረጃው የት እንደተዘጋ መለየትና ማከም

የሕፃን ወይም የአዋቂ ዓይን ሳያቋርጥ ሲያነባ ቤተሰብ ቀድሞ የሚገዛው ጠብታ ነው። ጠብታው መግሉን ለጥቂት ቀናት ያደርቀዋል፤ ሲቋረጥ ግን ሁሉም እንደነበረው ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ዓይኑ ላይ ሳይሆን እንባው ወደ አፍንጫ በሚወርድበት ቀጭን መንገድ ላይ ነው፤ የተዘጋን ቱቦ ደግሞ ጠብታ አይከፍተውም። መንገዱ የት ላይ እንደተዘጋ ሳይታወቅ የሚሰጥ መድኃኒት፣ የሚደረግ ማሸትና ቀዶ ሕክምና ሁሉ ግምት ነው። ስለዚህ መነሻችን ቦታውን መለየት ነው።

እንባ የሚሄድበት መንገድ

አብዛኛው እንባ የሚመነጨው በዓይን የላይኛው ውጫዊ ጥግ፣ ከቅንድብ አጥንት ሥር ከተሸሸገ እጢ ነው። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር እንባው ዓይኑን አርሶ በአፍንጫ በኩል ወዳለው ውስጠኛ ጥግ ይገፋል። በመስታወት ፊት ቆመው የታችኛውን የዓይን ቆብ በትንሹ ወደ ውጭ ቢገለብጡ፣ ከውስጠኛው ጥግ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ርቃ በቆቡ ጠርዝ ላይ የመርፌ ጫፍ የወጋት የምትመስል ቀዳዳ ያያሉ። ስፋቷ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የላይኛው ቆብም የራሱ ቀዳዳ አለው።

ከእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ቀጭን ቦይ ይነሳል። ቦዩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ወደ ቆቡ ውስጥ ይገባና ታጥፎ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ አፍንጫ ያመራል። በአብዛኛው ሰው የላይኛውና የታችኛው ቦይ ተገናኝተው አንድ አጭር የጋራ ቦይ ከሆኑ በኋላ ወደ እንባ ከረጢት ይገባሉ። ከረጢቱ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቁመት ሲኖረው፣ በዓይን ጥግና በአፍንጫ መካከል ባለ የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። ከከረጢቱ በታች የሚቀጥለው ቱቦ በአጥንት ውስጥ ከ12 እስከ 18 ሚሊ ሜትር ወርዶ አፍንጫ ውስጥ ይከፈታል። የዓይን ጠብታ ካደረጉ በኋላ ጉሮሮ የሚመረው መድኃኒቱ በዚሁ መንገድ ስለሚወርድ ነው።

ሁለት ቦታዎችን ልብ ይበሉ። የጋራው ቦይ ወደ ከረጢቱ በሚገባበት ላይ ፈሳሽ ወደ ዓይን እንዳይመለስ የሚከለክል እጥፋት አለ። በቱቦው መጨረሻ፣ አፍንጫ ውስጥ በሚከፈትበት ላይ ደግሞ የሐስነር ክዳን የሚባል ስስ ሽፋን ይገኛል። የሕፃናት ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ሽፋን ሳይከፈት መወለዳቸው ነው።

መንገዱ ክፍት ሆኖም እንባ ላይወርድ ይችላል። እንባውን ወደ ከረጢቱ የሚስበው በዓይን ዙሪያ ያለው ጡንቻ በመርገብገብ ጊዜ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ስለዚህ ፊታቸው በአንድ ወገን የሽባነት ሕመም ያጋጠማቸው፣ ወይም በእድሜ ምክንያት የታችኛው ቆባቸው ላልቶ ወደ ውጭ የተገለበጠ ሰዎች ቱቦአቸው ሳይዘጋ ያነባሉ።

ስለበዛ ነው ወይስ ስላልወረደ?

በመጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። እንባ እንዲበዛ የሚያደርገው ዓይንን የሚቆጠቁጥ ነገር ሲኖር ነው፦ ጭስ፣ ባዕድ ነገር፣ የኮርኒያ (የዓይንን ጥቁር ክፍል ከፊት የሚሸፍነው ግልጽ ሽፋን) ቁስል፣ አለርጂ፣ ወይም ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮርኒያን የሚፈትግ የዓይን ፀጉር። ትራኮማ በሰፊው ባለባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች ዓይናቸው የሚያነባ እናቶችና አባቶች ሲመጡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ፀጉሩ ነው፤ የላይኛውን ቆብ ከፍ አድርጎ በባትሪ ብርሃን ከጎን መመልከት ያስፈልጋል። የዓይን ድርቀትም ያስነባል፤ ብዙ ሰው ይህን ለማመን ይቸገራል። የደረቀ ዓይን ይቃጠላል፤ ለተቃጠለው ዓይን ምላሽ ሆኖ እንባ በብዛት ይፈስሳል፣ በተለይ ነፋስ ሲመታ ወይም ሰው ረጅም ሰዓት ሲያነብ።

መቆጥቆጥ፣ ማሳከክ ወይም ብርሃን መፍራት ካለ ምክንያቱን ዓይኑ ላይ ይፈልጉ። ዓይኑ ሳይቀላ፣ ሳያሳክክ፣ በአንድ በኩል ብቻ እንባው ጉንጭ ላይ የሚወርድ ከሆነ፣ ጠዋት ጠዋትም ዓይናር የሚያጣብቀው ከሆነ መውረጃው ተጠርጣሪ ነው።

ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል አንድ ጠቃሚ ፈተና አለ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጥፍርዎ አጭር ይሁን። የሌባ ጣትዎን ጫፍ በውስጠኛው የዓይን ጥግና በአፍንጫ አጥንት መካከል ባለው ጎድጓዳ ላይ ያኑሩና ወደ አጥንቱ ጫን ያድርጉ። በዚያው ቅጽበት ቀዳዳዎቹን ይመልከቱ። ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ወይም መግል ተመልሶ ወደ ዓይን ከወጣ፣ ከረጢቱ ሞልቷል፤ መዘጋቱም ከከረጢቱ በታች ነው ማለት ነው። ምንም ባይወጣ ግን መውረጃው ደህና ነው ለማለት አይበቃም፤ ከከረጢቱ በላይ ያለው ቦይ ቢዘጋም ተጭኖ የሚወጣ ነገር አይኖርም። ቦታው ቀልቶ የሚያም ከሆነ ይህን ፈተና አያድርጉ።

ሕፃናት

የመውረጃ መዘጋት ያለበት ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ዓይኑ እንባ ያቆራል፣ ከእንቅልፍ ሲነሳ ሽፋሽፍቱ በዓይናር ይጣበቃል፣ ነጩ የዓይን ክፍል ግን ነጭ እንደሆነ ይቆያል። ከ10 ሕፃናት 9ኙ ያህል አንድ ዓመት ሳይሞላቸው በራሱ ይከፈትላቸዋል። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ትክክለኛ ማሸትና ንጽሕና ይበቃል። ወደዚያ ከመሄድ በፊት ግን አራት ነገሮች መኖር አለመኖራቸውን ያረጋግጡ።

በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በተለይ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ቆቦቹ አብጠው ወፍራም መግል የሚወጣ ከሆነ ከእናት በወሊድ ጊዜ የተላለፈ ጨብጥ ሊሆን ይችላል። ይህ በጥቂት ቀናት ኮርኒያን በስቶ ዓይን ሊያጠፋ የሚችል ስለሆነ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ፤ እናትና አባትም አብረው መታከም አለባቸው። ሕፃኑ ብርሃን የሚሸሽ፣ ዓይኑን ጨምቆ የሚይዝ፣ ኮርኒያው ደመና የመሰለ ወይም አንዱ ዓይን ከሌላው የገዘፈ ከሆነ ከልደት የሚመጣ ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት የሚጨምርበት ሕመም) ይጠረጠራል። እባክዎ፣ ከእንባ ጋር የሚታይ የሕፃን ትልቅ ዓይን ውበት ነው ተብሎ አይታለፍ። ከውስጠኛው ጥግ በታች ሰማያዊ የመሰለ እብጠት ይዞ ከተወለደ ከረጢቱ በፈሳሽ ተወጥሯል ማለት ነው፤ ያመረቅዛል፣ አፍንጫ ውስጥ ከዘለቀም አራስ ልጅ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ስለሆነ ትንፋሹን ሊከለክለው ይችላል። እብጠቱ ከውስጠኛው ጥግ በላይ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይጫኑት፤ ከአንጎል ሽፋን ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ማሸቱን ይጀምሩ።

1. ጥፍርዎን ይቁረጡ፣ እጅዎን ይታጠቡ። ሕፃኑ ጡት ሲጠባ ወይም ሊተኛ ሲል የሚመች ሰዓት ነው።

2. ዓይናሩን መጀመሪያ ይጥረጉ። ውሃ አፍልተው ያቀዝቅዙ፣ ንጹሕ ጥጥ ወይም ጎዝ ነክረው ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ አንድ ጊዜ ይጥረጉና ይጣሉት። ለሁለተኛው ዓይን ሌላ ጥጥ ይጠቀሙ።

3. የሌባ ጣትዎን ወይም የትንሿን ጣትዎን ለስላሳ ጫፍ በውስጠኛው የዓይን ጥግ ላይ፣ በዓይኑና በአፍንጫው መካከል ያሳርፉ። ይህ የጋራው ቦይ ያለበት ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ መጫን ፈሳሹ ወደ ዓይን እንዳይመለስ ይዘጋል።

4. ጫናውን ሳይለቁ ጣትዎን ወደ አጥንቱ እየገፉ በአፍንጫው ጎን ወደ ታች አንድ ወይም አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ያውርዱ። ጫናው ቆዳውን ለአፍታ ነጣ ለማድረግ የሚበቃ ይሁን።

5. ጣትዎን አንስተው እንደገና ከላይ ይጀምሩ። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይድገሙት።

6. ሲጨርሱ የወጣውን ፈሳሽ ጠርገው እጅዎን ይታጠቡ።

ይህ ዘዴ የክሪግለር ማሸት ይባላል፤ በ1923 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተገለጸ ሲሆን ዛሬም ከእርሱ የተሻለ የቤት ሕክምና የለም። የሚሠራው በከረጢቱ ውስጥ የታሰረው ፈሳሽ ወደ ታች ተገፍቶ የሐስነርን ሽፋን በግፊት እንዲቀደው በማድረግ ነው። ለዚህም ነው የአፍንጫን ቆዳ ዝም ብሎ መዳበስ ምንም የማይፈይደው። እናቶች «ለወራት አሸሁት፣ አልተለወጠም» ሲሉ እጃቸው ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ስሕተቶች አንዱ ይገኛል፦ ጣቱ ያረፈው ከከረጢቱ በታች በአፍንጫው መሐል ነው፤ ወይም ቆዳው እንጂ ከረጢቱ አልተጫነም፤ ወይም ጣቱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የመጨረሻው መግሉን ወደ ዓይን ይመልሰዋል። ሐኪሙ ወይም የዓይን ነርሷ በመጀመሪያው ቀን በራሳቸው ጣት እንዲያሳዩዎትና እርስዎ ደግሞ በፊታቸው እንዲሠሩት ይጠይቁ።

ቅባት የሚያስፈልገው ዓይናሩ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ሲበዛ ብቻ ነው። በጤና ጣቢያ የሚታዘዘው 1 በመቶ የቴትራሳይክሊን ቅባት (ብዙ ሰው ቲቲሲ የሚለው) ወይም የኤሪትሮማይሲን ቅባት ለጥቂት ቀናት ይበቃል፤ ለወራት አይቀባም። ዴክሳሜታዞን ያለበትን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሕፃን ማድረግ የዓይን ግፊትን ሊጨምርና ሞራ ሊያመጣ ይችላል። የጡት ወተት፣ የዳማከሴ ጭማቂ፣ ኩል፣ እነዚህ ሁሉ የተዘጋውን ሽፋን አይነኩትም፤ ቅጠሉና ኩሉ ደግሞ ኮርኒያን ሊያቆስሉና ጀርም ሊያስገቡ ይችላሉ።

ልጁ 12 ወር ሞልቶት እንባው ካልቆመ መውረጃውን በቀጭን የብረት ዘንግ መክፈት ጊዜው ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሙሉ ሰመመን ነው፤ ሥራው ራሱ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ዘንጉ በቀዳዳው ገብቶ፣ ቦዩን ተከትሎ፣ በከረጢቱ አልፎ ሽፋኑን ይበሳል። በዚያ ቀን ከአፍንጫ ወይም ከዓይን ጥቂት ደም የተቀላቀለ ፈሳሽ ቢታይ አያስደንግጥ። የሚያሰጋው ዘንጉ ትክክለኛውን መንገድ ስቶ በሥጋው ውስጥ ሐሰተኛ መንገድ ሲያወጣ ነው፤ ስለዚህ የለመደ እጅ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ተከፍቶ ከተመለሰ፣ ወይም ልጁ ትልቅ ከሆነ፣ ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ገብቶ ለጥቂት ወራት ይቆያል።

አዋቂዎች፦ ቦታው እንዴት ይታወቃል?

በአዋቂዎች ላይ የታችኛው ቱቦ ቀስ በቀስ ጠብቦ የሚዘጋው በብዛት በመካከለኛና ከዚያ በላይ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ነው። ከዚህ ሌላ የአፍንጫ አጥንት ስብራት፣ የአፍንጫና የሳይነስ ቀዶ ሕክምና፣ ለታይሮይድ የሚሰጥ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን፣ ዶሴታክሰል የተባለው የካንሰር መድኃኒት፣ የትራኮማ ጠባሳም መንገዱን ይዘጋሉ። ለሐኪም ሲናገሩ እነዚህን አይርሱ።

የመጀመሪያው ምርመራ ቀለም ነው። በሁለቱም ዓይኖች የፍሎረሰይን ጠብታ ይደረግና 5 ደቂቃ ይጠበቃል። ክፍት በሆነው በኩል ቀለሙ ጠፍቶ፣ በተዘጋው በኩል ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ቆቡ ጠርዝ ላይ ይቀራል። ሕመም የለውም፣ ለልጆችም ይሠራል። የሁለቱ ዓይኖች ልዩነት ከሁሉ በላይ ያስረዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማጠብ ነው። ዓይኑ ላይ የማደንዘዣ ጠብታ ከተደረገ በኋላ ሐኪሙ ጫፏ ደንዝ የሆነች ቀጭን ካኑላ (መርፌ መሰል ቱቦ) በታችኛው ቀዳዳ አስገብቶ ጨዋማ ፈሳሽ ቀስ ብሎ ይገፋል። ታካሚው ጉሮሮው ላይ ጨው ከቀመሰ መንገዱ ክፍት ነው። ፈሳሹ በገባበት በዚያው ቀዳዳ ከተመለሰ የተዘጋው የታችኛው ቦይ ነው። ጥርት ብሎ በላይኛው ቀዳዳ ከወጣ የጋራው ቦይ። በላይኛው ቀዳዳ ከዝልግልግ ወይም ከመግል ጋር ከወጣ ደግሞ ከረጢቱ ሞልቷል፣ የተዘጋው የታችኛው ቱቦ ነው። በከፊል ቢያልፍና በከፊል ቢመለስ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። ካኑላዋ ራሷም ትናገራለች፦ ከረጢቱ ውስጥ ከገባች ከጀርባው ያለው አጥንት ጠንክሮ ይቀበላታል፤ ቦዩ ከተዘጋ ግን እንደ ሥጋ ለስልሶ ወደ ኋላ ይገፋታል። ውጤቱ በካርድዎ ላይ በዚህ ዝርዝር እንዲጻፍ ይጠይቁ። «ተዘግቷል» የሚለው ብቻ ለሚቀጥለው ሐኪም ብዙም አይጠቅምም።

ብዙ ጊዜ የሚሳት አንድ በሽታ አለ፦ የቦዩ ኢንፌክሽን። በሽተኛው በአንድ ዓይኑ ለወራት ጠብታ እየቀያየረ ይኖራል፤ ዓይኑ በአፍንጫ በኩል ብቻ ይቀላል፣ የታችኛዋ ቀዳዳ አብጣ ወደ ውጭ ትገፋለች፣ ሲጫኗትም ቢጫ ፍርፋሪ ትተፋለች። በብዛት የሚያመጣው አክቲኖማይሲስ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን ቦዩ ውስጥ ድንጋይ የመሰለ ጥቃቅን ጠጠር ይሠራል። ጠጠሩ በትንሽ ቀዶ ካልተጠረገ አንቲባዮቲኩ አይደርስበትም።

ደም የተቀላቀለ እንባ፣ ወይም ከውስጠኛው ጥግ በላይ የሚያድግና የማያም ጠጣር እብጠት ከታየ የከረጢት ዕጢ አለመሆኑ በሲቲ ስካን ሳይጣራ ማንም ቀዶ ሕክምና መጀመር የለበትም።

ከረጢቱ በድንገት ሲያብጥ

ከውስጠኛው ጥግ በታች ቀይ፣ ትኩስና በጣም የሚያም እብጠት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ከወጣ ከረጢቱ አመርቅዟል። ጠብታ ብቻውን አይበቃም፤ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር ከ7 እስከ 10 ቀን። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ያሳርፉበት። አይጭመቁት፣ በመርፌ አይብሱት። በዚህ ወቅት ማጠብም ሆነ ዘንግ ማስገባት ጀርሙን ወደ አካባቢው ሥጋ ስለሚያሰራጭ ሐኪሙም ያቆየዋል። ቆቡ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ፣ ዓይኑ ወደ ውጭ ከገፋ፣ ሲያንቀሳቅሱት ካመመ፣ ዕይታ ከቀነሰ ወይም ትኩሳት ካለ ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን ጎድጓዳ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ። ሕፃን ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ከታየ ሳያድሩ ያስመርምሩት።

እብጠቱ በመድኃኒት ሲጠፋ ብዙዎች ድኛለሁ ብለው ይተዉታል። ቱቦው እንደተዘጋ ስለሆነ ግን ይመለሳል። ሥር የሰደደ የከረጢት ኢንፌክሽን ያለበት ሰው የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ከፈለገ ደግሞ በመጀመሪያ ከረጢቱ መታከም አለበት፤ ካልሆነ መግሉ ወደ ተከፈተው ዓይን ገብቶ ዓይኑን ሊያጠፋ ይችላል። ለሞራ ቀጠሮ የያዙ አረጋውያን ወላጆች ካሉዎት ከቀጠሮው በፊት ከላይ የተገለጸውን የመጫን ፈተና ያድርጉላቸው፤ ፈሳሽ ከወጣም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ቀዶ ሕክምናውና ከዚያ በኋላ

የታችኛው ቱቦ ለተዘጋበት አዋቂ ዘላቂው መፍትሔ ዲሲአር ይባላል። ቱቦውን ለመክፈት አይሞከርም፤ በከረጢቱና በአፍንጫ መካከል ያለው ስስ አጥንት ተነሥቶ አዲስ አጭር በር ይሠራል። በውጭ ቆዳ በኩል የሚሠራውን ጣሊያናዊው ቶቲ በ1904 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገልጾታል፤ ዛሬ ደግሞ ቆዳ ሳይቆረጥ በአፍንጫ በኩል በካሜራ እየታየም ይሠራል። በለመደ እጅ ሁለቱም ከ10 ታካሚዎች ለ9ኙ ያህል ይሳካሉ። የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ የተሠራው በር ጠብቦ ወይም በጠባሳ ተደፍኖ ነው። ከከረጢቱ በላይ ያሉት ቦዮች የተዘጉበት ሰው ግን በዲሲአር ብቻ አይድንም፤ ቦታውን አስቀድሞ መለየት አስፈላጊ ነው የምንለው ለዚህ ነው። በአገር ቤት በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ፣ በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የዓይን ሕክምና ክፍሎች አሉ፤ ከጤና ጣቢያዎ የሪፈር ወረቀት ይዘው ይሂዱ።

አስፒሪን፣ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡ፤ ያዘዘልዎ ሐኪም ነው የሚወስነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ትራስ ከፍ አድርገው ይተኙ፣ ቡናና ሻይ ሲጠጡ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ ትኩስ ነገር የአፍንጫን የደም ሥር ያሰፋል። ለሁለት ሳምንት አይናፈጡ፤ ማስነጠስ ከመጣ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ። አፍንጫዎ ቢደማ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ሳይለቁ ለ15 ደቂቃ ይጫኑ፤ ካልቆመ ሆስፒታል ይመለሱ።

ብዙ ጊዜ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ቀለበት የመሰለ ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ይተዋል። ዓይንዎን ሲያሹ ወይም ፊትዎን በፎጣ ሲጠርጉ ተስቦ ቀለበቱ ረዝሞ ሊወጣ ይችላል። አይቁረጡት፣ አይጎትቱትም፤ መጎተት ቀዳዳዋን ይሰነጥቃታል። የወጣውን በፕላስተር ከአፍንጫዎ ጎን ላይ ይለጥፉት፣ ፎጣ አያስነኩት፣ በማግስቱም ወደሠራልዎ ሐኪም ይሂዱ።